ቆዳ ፋብሪካ ወይስ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት?

ውድ ጠያቂያችን፣

በኬሚካል ምህንድስና ለመመረቅ ጥቂት ወራት እንደቀሩዎት፣ ሞጆ ከሚገኝ አንድ ቆዳ ፋብሪካ በፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል እንዲሠሩ እንደተጠየቁና ደመወዙ በጣም ዝቅ ያለ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቦታም እንዳገኙ ገልጸው፣ «ፋብሪካውን ብመርጥ ወንዝ ከሚበክሉት ጋር መተባበር አይሆንብኝም ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት ያደረገው፣ ያለቀለት ቆዳ እዚሁ ተመርቶ ሥራና የውጭ ምንዛሪ እንዲያስገኝ ነበር፤ ሥራው እዚህ ሲቀር ኬሚካሉም አብሮ እንደሚቀር ግን ያን ያህል አልተወራም። የሞጆ ወንዝ ቆቃ ይገባል፣ ከቆቃ በታች ደግሞ አዳማ የመጠጥ ውኃዋን ከአዋሽ ትቀዳለች።

ያም ሆኖ እኔ ወደ ፋብሪካው አደላለሁ። በተለመደው አለፋፍ ቆዳው ያልመጠጠው ክሮም (ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል) ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ይህን ክሮም በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟሙቶ እንደገና ማልፊያ ማድረግ ስለሚቻል፣ እዚህ ላይ የፋብሪካው ትርፍና የወንዙ ጤና ይስማማሉ። ፍሳሹ ሲጣራ በሚቀረው ዝቃጭ አወጋገድና ማጣሪያው ውስጥ አየር በሚነፋው ብሎወር የመብራት ወጪ ላይ ግን አይስማሙም፤ ሁለቱም ገንዘብ ይበላሉ እንጂ አያስገቡም። ተቆጣጣሪ መጥቶ ይሄዳል፤ ብሎወሩ ሌሊት መጥፋት አለመጥፋቱን የሚያውቀው ውስጥ የሚሠራው ሰው ነው።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ሲሄዱ ማጣሪያውን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በኖራና በሰልፋይድ ፀጉር ከሚነቀልበት ክፍል የሚወጣው ፍሳሽና የክሮሙ ፍሳሽ ለየብቻ ይወርዳሉ ወይስ አንድ ቦይ ውስጥ ይቀላቀላሉ? ሰልፋይድ እንደ ክሮሙ ካለ አሲዳማ ፍሳሽ ጋር ሲገናኝ ሰው የሚገድል ጋዝ ስለሚፈጥር፣ ይህ ጥያቄ ከወንዙ አልፎ የራስዎን ደኅንነት ይነካል። ዝቃጩ የት እንደሚጣል፣ ያለፉት ወራት የላቦራቶሪ ውጤቶችም የት እንደተመዘገቡ ይጠይቁ። ማጣሪያውን ሊያሳዩዎት ካልፈቀዱ ያለማመንታት ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሂዱ።

የትኛውንም ቢመርጡ ስለ አካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አስቀድመው ያንብቡ። በሁለተኛው አዋጅ መሠረት መሥሪያ ቤቱ በካይ ድርጅትን ብክለት የሚቀንስ ቴክኖሎጂ እንዲተክል ሊያስገድድ ይችላል፤ ትእዛዙ ሲመጣ የሚተክለውና የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ግን ፋብሪካው ውስጥ መኖር አለበት። (እንዲህ ያለ ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም፤ በደመወዝ ድርድር ጊዜ ይህን አይርሱ።)

የቅጥር ውሉ ተጠሪነትዎን ለምርት ክፍል ኃላፊው የሚያደርግ ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ እንዲሆን ይጠይቁ፤ የወሩን ምርት ለማድረስ በሚጣደፍ ኃላፊ ሥር ሆነው «ማጣሪያው ሞልቷል፣ ዛሬ አዲስ ዙር አይጀመር» ማለት ይከብድዎታል።