የሚተኩስ ሞተር፦ ስለ ውሃ መሳቢያና የእጅ ትራክተር ጥያቄና መልስ

የበጋ መስኖ ሲጀመር ክረምቱን ጥግ ይዞ የከረመ ሞተር ሁሉ ይንተፋተፋል፣ ይተኩሳል። ያላችሁን ጠይቁኝ፤ ግን «እምቢ አለኝ» ብቻ አትበሉ። በየት በኩል እንደሚተኩስ ንገሩኝ፤ ግማሹ መልስ እዚያ ነው ያለው።

ከደምበጫ፦ ጋሼ፣ ተምጫ ዳር ሽንኩርት የማጠጣበት ባለቤንዚን ሞተር ጭነት ሲይዝ ይንተፋተፋል፤ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል እንደ ጥይት ይጮኻል። ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ሁለቴ አሳጠብኩት፣ ያው ነው።

ካርቡሬተሩን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ይፈታል፤ ደህናውን የሚያበላሸውም ብዙ ነው። በማርሚታ የሚተኩሰው ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚን እዚያ ሄዶ ሲነድ ነው። ለምን ሳይቃጠል አለፈ? እየተንተፋተፈ ሳለ አጥፋውና ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠውን) ፍታ። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል፤ የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና እጠብ፣ አድርቅ፣ ዘይት አስነካና ጨምቀህ መልስ። ካንዴላው ረጥቦ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ እሳቱ ደካማ ነው። የካንዴላው ጫፎች ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲግል ብቻ የሚያቋርጥ ከሆነ ቦቢናውን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ጠርጥር፤ እሳቱን ማየት ያለብህም እንደጋለ ነው፣ ቤንዚን ከፈሰሰበት ርቀህ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ቫልቭ ነው። ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ ሳይገጥም ከቀረ እሳቱ ወደ ማርሚታ ያመልጣል። በየገበያው በምናያቸው ከ5 እስከ 7 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሞተሮች የተለመደው የቫልቭ ክፍተት ልክ ለማስገቢያው 0.15፣ ለማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ነው የሚለካው።

ከቡሬ፦ የኔው የእጅ ትራክተር ድንጋይ መትቶ ቀጥ ካለ ወዲህ በካርቡሬተሩ በኩል ይተኩሳል። ገመዱን ስስብም መልሶ እጄን ይነጥቀኛል።

ድንጋዩን መጥቀስህ ደግ አደረግህ። ቮላኖውን (በዘንጉ ጫፍ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ከዘንጉ ጋር የምታስር ትንሽ ብረት አለች፤ ሞተር በድንገት ሲቆም ትቆረጣለች ወይም ትጣመማለች። ያኔ ቮላኖው ከቦታው ይዞራል፣ እሳቱም ያለ ሰዓቱ ይመጣል። ማስገቢያው ቫልቭ ሳይዘጋ ከነደደ በካርቡሬተር ይተኩሳል። ቮላኖውን በመዶሻ አትምታ፣ በመንቀያ አውጣው። ብረቷንም በትክክለኛዋ ተካ፤ ምስማር ቆርጠው የሚከቱ አሉ፣ በሚቀጥለው ድንጋይ የሚሰበረው ዘንጉ ይሆናል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሞተሩ አዲስ ነው፤ ግን ጥቁር ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላ ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል።

ምናልባት ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ያላችሁበት ከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለቆላ የተለካው ቤንዚን ይበዛበታል። ከ1,500 ሜትር በላይ ዘወትር ለሚሠራ ሞተር ጠበብ ያለ ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ማስገጠም ይመከራል። ጉልበቱ ግን ያም ሆኖ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና ሩቡን ያህል አጥተሃል ብለህ ቁጠር። ይህንኑ ሞተር ወደ አባይ በረሃ ይዘህ ከወረድክ የድሮውን ጂግለር መልስለት፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ይግላል።

ከመራዊ፦ ልጄ፣ ወንዝ ዳር ተዳፋቱ ላይ ሳስቀምጠው ይጠፋብኛል፤ ቤት ስወስደው ደህና ነው።

እናቴ፣ ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጥ መጠቆሚያ አላቸው። ዘንበል ሲል ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ያለቀ ይመስለዋል። ቦታውን በአካፋ ደልደል ያስደርጉለት፣ ዘይቱንም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይዩ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሞተሬን የሚያንተፋትፈው በሃይላንድ የገዛሁት ቤንዚን ይሆን?

ይሆናል። በጠራ ጠርሙስ አሳድረው፤ ውሃ ካለበት ከታች ይለያል። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ፤ ንጹሕ ቤንዚን ደርቆ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ የቅባት ምልክት ይተዋል። ከክረምት በፊት የተቀዳውን ደግሞ ሳትመረምር ድፋው፣ ከእርሻ ራቅ አድርገህ።

ከዳንግላ፦ ሳጠፋው ብቻ አንዴ «ቧ» ይላል።

በሙሉ ጋዝ እያለ አታጥፋው። ወደ ሚኒሞ (ቀስ ብሎ ወደሚዞርበት) አውርደህ ጥቂት ይተንፍስ፣ ከዚያ አጥፋ።

ከደጀን፦ የኔው ናፍጣ ነው፤ የት ካንዴላውን ልፈልግ?

አትፈልግ፣ የለውም። ናፍጣ የሚነደው በመታመቅ ነው። ከተንተፋተፈ አየር ገብቶበት ይሆናል፤ ፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) ካየህ በኋላ የፓምፑን ማስተንፈሻ ቡሎን ላላ አድርግና አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ጠብቅ፣ ከዚያ አጥብቀው።