ለወጣት ቼዝ ተጫዋቾች፦ መክፈቻን ስለማጥናት

ውድ ወጣቶች፣

ለውድድር ስትዘጋጁ ዘወትር የምትጠይቁኝ ስንት መክፈቻ (ጨዋታ የሚጀመርበት የታወቀ የእርምጃዎች ቅደም ተከተል) በቃላችሁ መያዝ እንዳለባችሁ ነው። በአሠልጣኝነት ዘመኔ እንዳየሁት ግን፣ አንድን መክፈቻ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ተከትሎ ማወቅ የብዙ መክፈቻዎችን የመጀመሪያ አሥር እርምጃዎች ከመሸምደድ እጅግ ይበልጣል።

እባካችሁ፣ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርና የሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪ በ1972 እ.ኤ.አ. በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ ለዓለም ሻምፒዮንነት ካደረጉት ግጥሚያ ስድስተኛውን ጨዋታ ሰሌዳ ዘርግታችሁ አጥኑት። ነጭ ሲደርሰው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በኢ4፣ ማለትም ወታደሩን ኢ4 ወደሚባለው የሰሌዳ ቤት በማንቀሳቀስ ይጀምር የነበረው ፊሸር ያን ቀን በሲ4 ጀመረ፤ ጨዋታውም ዞሮ ጥቁር የያዘው ስፓስኪ ለዓመታት በተማመነበት፣ የንግሥት ጋምቢት በተባለው መክፈቻ ጥቁር በሚጠቀምበት የታርታኮወር መከላከያ ውስጥ ገባ። መሸምደድ ቢበቃ ኖሮ የሚያሸንፈው ስፓስኪ ነበር።

በ14ኛው እርምጃ ፊሸር ቢሾፑን ቢ5 ላይ አሳረፈ፤ ጥቂት ቆይቶም የጥቁር ወታደሮች ሲ5 እና ዲ5 ላይ፣ ከግራም ከቀኝም ደጋፊ ወታደር ሳይኖራቸው ጎን ለጎን ቆሙ። ፊሸር በፈረሱ ኢ6 ላይ የነበረውን ቢሾፕ ከበላና ስፓስኪም ፈረሱን በወታደር መልሶ ከበላ በኋላ፣ ፊሸር በ20ኛው እርምጃ ኢ4 ብሎ መታ። ተማሪዎቼን ረጅም ሰዓት የማቆየው እዚህ ላይ ነው። ስፓስኪ የዲ5 ወታደሩን ወደ ዲ4 ሲያሳልፈው ከጥቃት ያዳነው ይመስላል፤ ነገር ግን ሲ4ን ለነጭ ቢሾፕ ለቀቀለት፣ የኢ6 ወታደሩም ደካማ ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ የመጣው ኢ5 ደግሞ የጥቁርን ፈረስ ኤፍ6 እንዳይደርስ ከለከለው፤ ያ ፈረስ እንደ ምንም ብሎ በ37ኛው እርምጃ እዚያ ሲደርስም ፊሸር ሩኩን ሠውቶ በላው። ስፓስኪ ከ41ኛው እርምጃ በኋላ እጁን ሰጠ፣ ከተመልካቹም ጋር አብሮ ለተጋጣሚው አጨበጨበ። ይህን ጨዋነት ከእርምጃዎቹ እኩል እንድትይዙልኝ እወዳለሁ።

በ14ኛው እርምጃ ላይ ለጥቁር የተሻለ መልስ ነበረ፤ ንግሥቲቱን ወደ ቢ7 መውሰድ። የስፓስኪ ረዳት የነበረው ኤፊም ጌለር በ1973 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንዱን ተጫዋች ያን ቲማንን በዚህ መልስ አሸንፎታል። ስለዚህ አንድ ታላቅ ተጫዋች ስለተጫወተው ብቻ አንድን እርምጃ አትቀበሉ።

ከሚቀጥለው ውድድራችሁ በኋላ እርምጃ የመዘገባችሁበትን ወረቀት አውጡና ከመክፈቻው እርምጃዎች በእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ምክንያት ያጣችሁለትን ባዶ ተዉትና ወደ አሠልጣኛችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ የሳምንቱ ጥናታችሁ ከዚያ ባዶ ቦታ ይጀምር።