ሲስተርን ጠይቋት፦ የአባዬ የሽንት ከረጢት የት ይንጠልጠል?

በዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ከወገብ በታች ናቸው፣ ቁርስ ላይ ያላችሁ መጽሔቱን እጠፉትና ቆይታችሁ ተመለሱ። ዋርድ ስሰራ በሽተኛው ሽንትና ሰገራ ማለት አፍሮ “ያ ነገር” “እንትኑ” እያለ እንቆቅልሽ ሲያስፈታኝ ነው የኖርኩት፣ እዚህ ግን በስሙ ነው የምንጠራው።

“ሲስተርዬ እንዴት ሰነበትሽ። አባዬ 71 ዓመቱ ነው፣ ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንት አልወጣ ስላለው ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ገብቶለት ለኦፕራሲዮን ወረፋ እስኪደርሰው ቤት ነው ያለው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። እማዬ ከረጢቱን ሰው እንዳያይ ብላ ፍራሹ ላይ ከጎኑ አርጋ በነጠላ ትሸፍነዋለች፣ እኔ ደግሞ አውርጄ ወለል ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ በዚ ጠዋት ማታ እንጨቃጨቃለን። ባለፈው ሽንቱ ሲደፈርስብኝ ከከረጢቱ በሃይላንድ ቀድቼ ላብራቶሪ ወሰድኩት፣ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድሃኒት ታዘዘለት። ማናችን ነን ልክ?” ከልደታ

ልደታዬ፣ አትጣሉ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ሽንት ከፊኛ ወደ ከረጢቱ የሚወርደው ቁልቁል ስለሆነ ብቻ ነው፣ የሚገፋው ሞተር የለም፣ ስለዚ ከረጢቱ ፍራሹ ላይ ከአባትሽ ጎን ከተኛ ወይ ሽንቱ መውረዱን ያቆማል ወይ ደግሞ ከረጢት ውስጥ ሲቆይ ጀርም ያፈራው ተመልሶ ወደ ፊኛቸው ይገባል። አንቺ ዝቅ ማድረግሽ ልክ ነበር፣ ግን ወለሉን መንካቱ ነው ጥፋቱ፣ ከታች ያለችው ማፍሰሻ ወለል ከነካች ጫማ ከመንገድ ያመጣውን ሁሉ ይዛ ትነሳለች። መፍትሄው አንድ የልብስ መስቀያ ሽቦ ነው፣ አጥፈሽ ከአልጋው ጎን አንጠልጥዪበት፣ ከፊኛቸው በታች ከወለሉ በላይ። የእማዬ ነጠላ ግን ሃሳቡ አይጣልም፣ ከአሮጌ ነጠላ ትንሽ ኪስ ሰፍታ ከረጢቱን ብታለብሰው እንግዳ ሲመጣ አባትሽ አይሸማቀቁም።

አራተኛ ፎቅ ስትዪኝ ደረጃው ታሰበኝ። ለቀጠሮ ስትወርዱ መጀመሪያ ከረጢቱን አፍስሱት፣ የሚደግፋቸው ሰው ከዳሌያቸው በታች ይያዝላቸው፣ እንደ ሴት ቦርሳ ክንድ ላይ የሚያንጠለጥሉትን አይቻለሁና ነው፣ ታክሲ ውስጥም ጭን ላይ ሳይሆን ከጉልበት በታች ይሁን። ቱቦዋን ጭናቸው ላይ ትንሽ ልል አርገሽ በፕላስተር ያዣት፣ ምክንያቱም ውስጥ እንዳትወጣ የያዛት 10 ሚሊ ሊትር አካባቢ ውሃ የተሞላች ባሉን አለች (ይቺን ካቴተር በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ያመጣት ፍሬድሪክ ፎሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ ነርሶች “ፎሊ ይግባላቸው” ሲሉ የሰማሽው የሰውዬውን ስም ነው) እና ባሉኗ ውሃዋ ሳይወጣ በድንገት ከተጎተተች የሽንት መንገዱን እየቀደደች ነው የምትወጣው።

ማፍሰሱን በየ8 ሰዓቱ፣ ሁለት ሶስተኛ ከሞላ ከዛም በፊት፣ ለዚህ ብቻ በተለየ ጆግ፣ ማፍሰሻዋ ጆጉን ሳትነካ። እጅ በፊትም በኋላም በሳሙና፣ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ አውቃለሁ ግን አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ለእጅ ብቻ ይመደብ። ቱቦዋ የምትገባበትን ቦታ በየቀኑ በሳሙናና በውሃ፣ ከሰውነታቸው ወደ ውጭ ብቻ እየጠረጋችሁ፣ ዴቶል ምናምን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሃይላንዱ። ከከረጢት የተቀዳ ሽንት ሰዓታት ክፍሉ ሙቀት ውስጥ ቆይቷል፣ በዛ ላይ ጀርም እዛው ይራባል፣ ጠርሙሱም የታጠበ ይሁን እንጂ ንጹህ አይባልም። ትክክለኛው ናሙና የሚወሰደው ቱቦዋ ላይ ካለችው መቅጃ ነው፣ ነርሷ ቱቦዋን ለ15 ደቂቃ ያህል ቆልፋ፣ በአልኮል ጠርጋ፣ በሲሪንጅ ትቀዳለች። ሌላው ደግሞ ካቴተር የቆየበት ሰው ሽንት ሲመረመር ጀርም የማይገኝበት ጥቂት ነው፣ ስለዚ መደፍረሱ ብቻውን አንቲባዮቲክ አያስወስድም፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እምብርት በታች ህመም፣ በዕድሜያቸው ደግሞ ድንገት መዘባረቅ ሲመጣ ነው ነገሩ። የታዘዘውን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ ግን ሂጂና ለሐኪሙ “ከከረጢቱ ነው የቀዳሁት” በዪው፣ አይቆጣሽም፣ ቢቆጣም ይቆጣ። የልብ ወይ የኩላሊት ህመም ስላለ ውሃ ቀንሱ ካልተባሉ በቀን 2 ሊትር ያህል ይጠጡ። እየጠጡ ለአራት ሰዓት ምንም ጠብ ካላለ መጀመሪያ ቱቦዋ ታጥፋ ወይ ተኝተውባት እንደሆነ እይ፣ ካልሆነ ሌሊትም ቢሆን ይዛችኋቸው ሂዱ።

“ሲስተር፣ ለስኳር ምርመራ ጾመህ ና ተብዬ ጾሜ ሄድኩ፣ ከዛ ባለሙያዋ ምን በላህ ስትለኝ ሽሮ ስላት ሳቀችብኝና መለሰችኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?” ከአራት ኪሎ

ያንተ ጥፋት የለም፣ የኛ ቋንቋ ነው። እኔም አንዴ “ጾመው ይምጡ” ያልኳቸው እናት በያይነቱ በልተው መጥተው “ዓሣ እንኳ አልቀመስኩም” ብለውኛል፣ ከዛ ቀን ጀምሮ “በባዶ ሆድ” ነው የምለው። ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ያልገባበት ሆድ ማለት ነው፣ ንጹህ ውሃ ይቻላል፣ ሻይ ቡና ማስቲካ የለም። ማታ 3 ሰዓት እራትህን ጨርሰህ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ ያዝ በቃ። የጠዋት መድሃኒት ካለህ ግን ልዋጠው ልተወው ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ። ለሆድ አልትራሳውንድም እንደዚሁ ባዶ ሆድ ነው፣ የፊኛና የማህፀን ሲሆን ግን ውሃ ጠጥቶ ሽንት ቋጥሮ መሄድ ነው፣ ወረፋው ረዝሞ ሮጦ የሸናው ሰው ሁለተኛ ከዜሮ ይጀምራል።

“ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ሰገራዬ ቀጭንና ንፍጥ ያለው ነው። አንዱ ቦታ አሜባ አለ፣ ሌላው ምንም የለም፣ ሶስተኛው ጃርዲያ አሉኝ። ሱቅ ስለምከፍት ጠዋት 12 ሰዓት ቤቴ ይዤ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የማደርሰው። ማሽናቸው ነው የተበላሸው?” ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ለዚህ ምርመራ ማሽን የለም፣ ማይክሮስኮፕና የሰው ዓይን ነው። ባለሙያው አሜባን የሚለያት ስትንቀሳቀስ ነው፣ ከሰውነት ከወጣች በኋላ ደግሞ ዕድሜዋ አጭር ነው፣ ቀጭን ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት፣ ያንተ ግን ስድስት ሰዓት ፒያሳ ሲነግድ ውሎ ነው የሚደርሰው። ስለዚ እዛው ላብራቶሪው ሽንት ቤት ውስጥ ስጥ፣ ካልመጣልህ ሌላ ቀን ተመልሰህ ሂድ። ሽንት ወይ የሽንት ቤት ውሃ እንዳይነካው፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካ አርገው የሚያመጡም አሉ፣ አይበቃም፣ የቡና ፍሬ የምታህል ይሁን፣ ንፍጥ ወይ ደም ያለበትን ቦታ መርጠህ ውሰድ፣ ብዙ ሰው እሱን አስጠልቶት ንጹህ ንጹሁን ነው የሚያመጣው። ጥገኛ ተህዋስያን በየቀኑ እኩል ስለማይወጡ አንዴ “የለም” መባል የለም ማለት አይደለም፣ በተለያዩ ቀናት ሶስት ጊዜ ማሰራት ነው ደንቡ፣ ምርመራውም መድሃኒት ከመጀመርህ በፊት ይሁን። ደም ካየህ ወይም ትኩሳት ካለህ ግን ሱቁ ይዘጋ።

“አያታችን 82 ዓመቷ ነው፣ ከወደቀች ወዲህ ለወገቧ ትራማዶል የሚባል የህመም ማስታገሻ ትወስዳለች። ዘጠኝ ቀን ሆዷ ደርቆ ነበር፣ አሁን ግን ሳታውቀው ቀጭን ቀጭን ያመልጣታል፣ የተቅማጥ ማቆሚያ ሰጠናት፣ ሆዷ ተነፋ። ሁላችንም አንድ ክፍል ነው የምንኖረው።” ከካዛንቺስ

የተቅማጥ ማቆሚያውን ዛሬውኑ አቁሙ። ይሄ ተቅማጥ አይመስለኝም። ሰገራው ደርቆ እንደ ድንጋይ መውጫው ላይ ሲቆም ከላይ ያለው ቀጭኑ በጎን በጎኑ እየሾለከ ይወጣል፣ ቤተሰብ ደግሞ ተቅማጥ ብሎ ያስቆመዋል፣ ይሄን ስንቴ እንዳየሁት። ሐኪም በጣት መርምሮ ነው የሚያረጋግጠው፣ ቤት ውስጥ በጣት ለማውጣት እንዳትሞክሩ፣ እዛ ቦታ ሲነካካ የልብ ምት የሚቀንስበት ነርቭ ይነሳል፣ ለ82 ዓመት ሰው ቀልድ አይደለም። ካስመለሳቸው ወይ ሆዳቸው ወጥሮ የሚያማቸው ከሆነ ነገ እንወስዳቸዋለን አትበሉ። ኢኔማ (በመቀመጫ በኩል የሚሰጥ ማጠቢያ ውሃ) ከታዘዘላቸው በግራ ጎናቸው ነው የሚተኙት፣ የትልቁ አንጀት መጨረሻ በግራ በኩል ስለሚዞር ውሃው በቀላሉ ይገባል፣ ቀኝ ላይ አስተኝቶ የሚሰጥ ካያችሁ “በግራ አይደል እንዴ?” በሉት።

ከዛ በኋላ ያለው የናንተ ስራ ነው። ትራማዶል አንጀት ያደርቃል፣ የደም ማነስ ክኒን እየወሰዱ ከሆነም እሱም ያደርቃል (ሰገራም ያጠቁራል፣ አትደንግጡ)፣ ስለዚ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝልን በሉ። ተልባ ጥሩ ነው፣ ግን በብዙ ውሃ፣ ወፍራም ተልባ ተሰጥቷቸው ውሃ ካልጠጡ ጭራሽ ይብስባቸዋል፣ መዋጥ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ደግሞ ይቅር። አንጀት የሚንቀሳቀሰው ከምግብ በኋላ በተለይ ከቁርስ በኋላ ስለሆነ ቁርስና ቡና ከወሰዱ ከ20 ደቂቃ በኋላ ፖፖው ላይ አስቀምጧቸው፣ እግራቸው ስር ዱካ አድርጉ፣ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ይበል። እና አንድ ክፍል ነው ያላችሁኝ ላይ፣ እኚህ እናት ዘጠኝ ቀን የያዙት ትራማዶሉ ብቻ አይመስለኝም፣ የልጅ ልጅ ፊት ፖፖ ላይ መቀመጥ አሳፍሯቸው ይሆናል። አንድ መጋረጃ ስቀሉላቸው፣ ሬዲዮውን ከፍ አርጉት፣ ልጆቹን ያቺን ሩብ ሰዓት ደጅ አስጫውቱልኝ።