ጥያቄና መልስ፦ በድሬ ሙቀት የጥቁርና ነጭ ፊልም ፍጥነትና ኩርባ

ከድሬዳዋና ከሐረር ፊልም የሚያጥቡ ሰዎች ያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ጥያቄ (ከዚራ)፦ ጋሼ፣ ካርቶኑ ላይ 400 ይላል። በ400 ሳነሳ ግን ጥላው ባዶ ይወጣል። ቁጥሩ ውሸት ነው?

መልስ፦ ውሸት አይደለም፤ ግን ቁጥሩ የሚሠራው ፊልሙ በተወሰነ ኮንትራስት ሲታጠብ ነው። ፊልሙ የተቀበለው ብርሃን (ኤክስፖዠር፣ በሎጋሪዝም) ከሚያመጣው ጥቁረት (ዴንሲቲ) ጋር ሲሳል ኩርባ ይወጣል። በኩርባው ላይ ብርሃን ካልነካው ክፍል ዴንሲቲ በ0.10 የሚበልጠውን ነጥብ ፈልግ። ከዚያ በኤክስፖዠር ሎጋሪዝም 1.30 ወደ ቀኝ ሂድ፤ እዚያ ዴንሲቲው በ0.80 ከጨመረ አጠባው ልክ ነው። 0.8ን ለመጀመሪያው ነጥብ ሉክስ ሰከንድ ስታካፍል አይኤስኦውን፣ ማለትም የፊልሙን የፍጥነት ቁጥር፣ ታገኛለህ። አጠባህ ከዚያ ካነሰ ነጥቡ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ጥላውም ይጠፋል።

ጥያቄ (ጁገል)፦ ዴንሲቶሜትር (የዴንሲቲ መለኪያ) የለኝም። እኔም መለካት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። 21 ደረጃ ያለው ስቴፕ ዌጅ (ደረጃ በደረጃ እየጠቆረ የሚሄድ የፊልም ቁራጭ) ያስፈልግሻል፤ ደረጃዎቹ በ0.15፣ ማለትም በግማሽ ስቶፕ ይራራቃሉ (1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)። በጨለማ ፊልሙን በኢንላርጀሩ (ፎቶ ማጉያው) ሥር አጋድሚው፣ ኢመልሽኑ (ብርሃን የሚቀበለው ገጽ) ወደ ላይ፤ ዌጁን በላዩ ላይ አድርገሽ በመስታወት ተጫኚው። ብርሃኑ ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊ ፊልተር (80ኤ) አድርጊ፣ ከዚያ በሉክስ ሜትር ለኪ። ርካሽ ሜትር 1 ሉክስ ላይ አይታመንም፤ ስለዚህ 10 ሉክስ እስኪያነብ አስተካክይና የ1.0 ኤንዲ ፊልተር (ብርሃኑን ወደ አንድ አሥረኛ የሚቀንስ ግራጫ ፊልተር) ጨምሪ፣ 1 ሉክስ ይቀራል። ለግማሽ ሰከንድ ክፈቺ።

ሰዓቱን በኢንላርጀሩ ማብሪያ አትቁረጪ፤ አምፖሉ ለመጋልም ለመጥፋትም ጊዜ ይወስዳል። መዝጊያ ያለው ሌንስ ይሻላል። ረጅም ኤክስፖዠርም አይሆንም፤ ሰዓቱ ፎቶ ሲነሳ ከሚከፈተው በጣም ሲረዝም ኩርባው ይቀየራል። መብራትም ሲዋዥቅ አትለኪ፦ ቮልቴጁ 5 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 15 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ ሩብ ስቶፕ ነው።

ካጠብሽው በኋላ ፊልሙን በብርሃን ሰሌዳ ላይ አድርገሽ ዙሪያውን በጥቁር ወረቀት ሸፍኚና በስፖት ሜትር (ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካ የብርሃን ሜትር) አንብቢ። የ1 ስቶፕ ልዩነት 0.30 ዴንሲቲ ነው፤ 0.10 ማለት አንድ ሦስተኛ ስቶፕ። የ0.10ው ነጥብ የዌጁ ዴንሲቲ 2.40 በሆነበት ደረጃ ከተገኘ፣ ያ ደረጃ ብርሃኑን 251 ጊዜ ስለሚቀንስ 0.5 ለ251 ሲካፈል 0.002 ሉክስ ሰከንድ ይመጣል፤ 0.8 ለ0.002 ሲካፈል 400። ነጥቡ 2.10 ላይ ከሆነ 200 ነው።

ጥያቄ (መጋላ)፦ ውሃዬ 27 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ፍጥነቱን ይጨምርልኛል?

መልስ፦ ሙቀት የሚያነሳው በዋናነት የኩርባውን ተዳፋት ነው። የ0.10ው ነጥብ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ደማቁ ቦታ ግን በኔጋቲቩ ላይ ይጠቁራል፣ ፎጉም (ብርሃን ሳይነካው የሚመጣው ጥቁረት) ይጨምራል። ኤችፒ5 ፕላስ የሚባለው የ400 ፊልም በአይዲ-11 ዴቨሎፐር (ማጠቢያ ኬሚካል)፣ 1+1 ማለትም ከእኩል ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በ24 ወደ 9 ይወርዳል። ከ5 ደቂቃ በታች አትውረድ፣ ዝንጉርጉር ይሆናል። ስለዚህ ታንኩን በረዶ በተጨመረበት ሳፋ አስቀምጥና 24 ላይ ሥራ። ፊክሰሩም (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) በውሃ ማለቅለቁም እዚያው ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ዴቨሎፐሩን በዲስቲልድ ውሃ በጥብጥ፤ ሱቅ ሄደህ “የባትሪ ውሃ” ስትል አሲድ እንዳይሰጡህ ግን ተጠንቀቅ።

ጥያቄ (ሐረር)፦ 400ውን እንደ 1600 አንስቼ ረዘም ላድርግ አጠባውን?

መልስ፦ አጠባውን ስታረዝም የኩርባው ተዳፋት ይበልጥ ቀጥ ይላል፣ ማለትም ኮንትራስቱ ይጨምራል፤ ጥላው ግን አይመጣም።

ጥያቄ (ጁገል)፦ ቀትር ላይ ኖራ የተቀባ ግድግዳና የጠባብ መንገድ ጥላ በአንድ ፎቶ ይገባሉ?

መልስ፦ ይገባሉ። መለካት ያለብሽ ጥላውን ነው። ዝርዝር የምትፈልጊበትን ጥላ ሜትሩ ከሚለው 2 ስቶፕ ቀንሰሽ አንሺ፤ ግድግዳው በዚያ ሂሳብ በጣም ከራቀ አጠባውን ከ15 እስከ 20 በመቶ አሳጥሪ። ስታሳጥሪ ፍጥነቱም ትንሽ ስለሚወርድ ፊልሙን ከ400 ይልቅ 250 ላይ አድርጊው። ከዚያ ዌጁን በዚያው አጠባ ደግመሽ ለኪ።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ የድሮ መጻሕፍት ለዚሁ ዓይነት ፊልም 200 የሚሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ በ1960 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ደረጃ የመጠባበቂያ ህዳጉን (ብርሃን እንዳያንስ ሲባል የሚጨመረውን) ስለቀነሰ ቁጥሮቹ በእጥፍ አደጉ። ፊልሙ አልተለወጠም።