ስዊች ብቀይር ሙዚቃዬ ያምራል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ሰውዬው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ዘፈኖቹን በፍላክ፣ ማለትም የድምፅ ጥራት በማይቀንስ የፋይል ዓይነት፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ አጠራቅሟል። ከኮምፒውተሩ በስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን በምታገናኘው ሳጥን) እና በኔትወርክ ኬብል ወደ ስትሪመር (ዘፈኑን ከኔትወርክ ተቀብሎ ወደሚያጫውተው)፣ ከዚያ ወደ ዳክ (ቁጥሩን ወደ ድምፅ ሞገድ ወደሚቀይረው)፣ ከዳኩ ወደ አምፕሊፋየር ይሄዳል። አንድ ወዳጁ "ኬብልህን ካት 8 (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው) አድርገው፣ ስዊችህንም ለሙዚቃ ተብሎ በተሠራ ቀይረው፣ ድምፁ ይከፈትልሃል" አለው። ዋጋውን ሲሰማ ደነገጠ። "ሁሉንም ትቼ በዋይፋይ ብሄድስ?" ብሎም ጨምሯል።

አብሽር፣ ገንዘብህን ያዝ። ግን "ኬብል ምንም አያመጣም" ብዬ አልዘጋውም። በኔትወርክ ኬብል ሰበብ ስፒከር ሲያጉረመርም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና ለየብቻ እንያቸው።

በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩ በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ይላካል። እያንዳንዱ ጥቅል ጭራው ላይ 32 ቢት ማረጋገጫ አለው። ተቀባዩ ያሰላዋል፣ ካልገጠመለት ጥቅሉን ይጥለዋል። ፋይል ሲላክ ደግሞ የጠፋው ጥቅል እንደገና ይላካል። ስለዚህ ወይ ልክ ሆኖ ይደርሳል፣ ወይ ጭራሽ አይደርስም። "ቤዙ ትንሽ ሳሳ፣ ማሲንቆው ደነዘዘ" የሚባል ነገር እዚህ ቦታ የለውም። እንዲያ እንዲሆንማ ኬብሉ ቤዙ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ፣ ማሲንቆውም የት እንዳለ ማወቅ ነበረበት።

መጠኑም ቢሆን ኢምንት ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ስቴሪዮ በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል። 24 ቢት በ192 ኪሎኸርዝ የሆነው ከባዱ እንኳ ሳይጨመቅ 9.2 ሜጋቢት ነው። ርካሹ ስዊች 100 ሜጋቢት ያሳልፋል። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው።

"ጂተሩስ?" ትለኝ ይሆናል። የጊዜ መዛነፍ ማለት ነው፣ ሻጮች የሚወዷት ቃል ናት። ጥቅሎቹ እየተቆራረጡ ቢመጡም ስትሪመሩ ሜሞሪው ውስጥ ያጠራቅማቸዋል። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ በምን ፍጥነት እንደሚወጡ የሚወስነው በስትሪመሩ ወይም በዳኩ ውስጥ ያለው ክሪስታል፣ ማለትም የዕቃው ሰዓት ነው። የስዊቹ ሰዓት እዚያ አይደርስም።

በእኔ ቃል ብቻ አትመን፣ ራስህ ሞክረው። ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል አንድ ዝግ ያለ የአምባሰል ዜማ ክፈት፣ ማሲንቆና የሰው ድምፅ ብቻ ያለበት። መሃል ላይ ኬብሉን ከስትሪመሩ ንቀለው። ዘፈኑ ወዲያው አይቆምም። ሜሞሪው እስኪያልቅ ይቀጥላል። አንዳንዱ ስትሪመር ጥቂት ሰከንድ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ዘፈኑን ይጨርሰዋል። በዚያ ሰዓት ኬብልም ስዊችም የለህም። ድምፁ ተለወጠ? ካልተለወጠ ውዱ ኬብል ምኑን ሊያሻሽልልህ ነው?

ሙጋድ ያለ አንድ ወዳጄ ከዱባይ ያስመጣው "የሙዚቃ ስዊች" አለው። ከባድ ነው፣ ያምራልም። ቤቱ ተሰብስበን ቡና እየጠጣን አወዳደርነው። የትኛው እንደተሰካ እያየን ስንሰማ ሁሉም "ኧረ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው" አለ። ከዚያ ዕቃው ላይ ጋቢ ጣልንበትና ታናሽ ወንድሙ ከጀርባ ይቀያይር ጀመር። በረካው ሳይቀዳ መልሱ ተምታታ። ወዳጄ ራሱ አሥር ብር የማይገመትላትን አሮጌ ስዊች "ይቺ ናት!" ብሎ መረጠ። የዱባዩን ስዊች ግን አልሸጠውም፣ መደርደሪያው ላይ ያምርለታል።

አሁን ወደ ጉርምርምታው። ይኼኛው እውነት ነው።

ኬብሉ መዳብ ስለሆነ ከቁጥሩ ጋር ሌላ ኤሌክትሪክም ሊሄድበት ይችላል። ኢተርኔት የሠሩት ሰዎች ይህን አስበውበታል። በየፖርቱ ጀርባ 1500 ቮልት እንድትቋቋም የተሠራች ትንሽ ትራንስፎርመር አለች። በተራው ዩቲፒ ኬብል፣ ማለትም ፎይል በሌለውና የጫፉ መሰኪያ ፕላስቲክ በሆነው፣ የሁለቱ ዕቃዎች ግራውንድ (የመሬት መስመር) አይነካካም። ጣጣው የሚመጣው በባለ ሺልዱ ነው። ፎይል ወይም የሽቦ መረብ የተጠቀለለበትና ጫፉ ብረት የሆነ ኬብል የአንዱን ዕቃ ብረት ከሌላው ብረት ጋር ያገናኛል። ካት 8 ደግሞ ሁሌም ባለ ሺልድ ነው። ወዳጅህ "ይከፈትልሃል" ያለው ኬብል ቤትህ ጉርምርምታ ይዞ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ካፌ "ስፒከራችን ታሟል" ብለው ጠርተውኝ በሐረጎ ወረድኩ። ሙዚቃው ሲቆም ስፒከሩ "እምምም" ይላል። ባለቤቱ አዲስ ስፒከር ሊገዛ ተነስቷል። አምፕሊፋየሩ ባንኮኒው ጀርባ ካለ ሶኬት ይሠራል። ስዊቹ ፎቅ ላይ ነው፣ መብራቱን የሚያገኘው ከሌላ መስመር። በመሃላቸው ወፍራም ባለ ሺልድ ኬብል ተዘርግቷል፣ በሁለቱም ጫፍ የሚያብረቀርቅ ብረት ራስ አለው። ነቀልኩት፣ ስፒከሩ ዝም አለ። መልሼ ሰካሁት፣ እምታው ተመለሰ። ተራ ካት 5ኢ ባለ ፕላስቲክ ራስ ስንተካበት ነገሩ አለቀ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው ጉርምርምታ 50 እና 100 ኸርዝ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንዴ ከለመድከው ከሩቅ ታውቀዋለህ።

በነገራችን ላይ በብዙ ቤት ሶኬቱ የግራውንድ ምላስ አለው፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። ለስዊች ከሚከፈለው ገንዘብ ሩቡን ለጥሩ ኤሌክትሪሺያን ሰጥቶ ግራውንዱን ማስመርመር ይሻላል። ላፕቶፕ በዩኤስቢ ከዳክ ጋር የምታገናኝ ከሆነም መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ስማው። ዩኤስቢ እንደ ኢተርኔት ትራንስፎርመር የለውም፣ የቻርጀሩ የኤሌክትሪክ ቆሻሻ ቀጥ ብሎ ይገባል። ሰው ኔትወርኩን የሚከስበት ጩኸት ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

የተበላሸ ኬብልስ? እሱም አለ፣ ግን ምልክቱ ሌላ ነው። ሙዚቃው ይቆማል፣ ይንጠለጠላል፣ ዘፈኑ ግማሽ ላይ ይቀራል። በሜትር ስትገዛ አንዱን ሽቦ በቢላ ፋቀው። ከመዳቡ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ የሚሰበረው። የጫፉን መሰኪያም ወደ ብርሃን አቅርበህ እየው። የኬብሉ የውጭ ላስቲክ መሰኪያው ውስጥ ገብቶ ካልተነከሰ ትንንሾቹ ሽቦዎች ብቻቸውን ነው ክብደቱን የያዙት።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የቀለም አሰላለፉ ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ብርቱካኑን ከብርቱካን፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጎን ለጎን ይደረድርና በሁለቱም ጫፍ እኩል ያደርገዋል። ቴስተሩ ከ1 እስከ 8 ያበራለታል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ትክክለኛው አሰላለፍ ግን ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ ነው። 3ኛውና 6ኛው አብረው የተጠመዘዙ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አንዱ ጥንድ ሌላውን ይረብሸዋል፣ ርካሹ ቴስተር ደግሞ ይህን አያይም። ኮምፒውተርህ የኔትወርኩን ፍጥነት 1000 ሜጋቢት ማሳየት ሲገባው 100 ላይ ከቆመ ያን ኬብል ጠርጥረው።

ስዊች የምር ዋጋ ያለው የት ነው ካልከኝ፣ መድረክ ላይ ነው። ዳንቴ የሚባለው፣ የአውስትራሊያው ኦዲኔት የሠራው ድምፅ በኔትወርክ የሚልክ ሲስተም፣ ድምፁን በአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ማድረስ አለበት። የጠፋ ጥቅል እስኪላክ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ዕቃዎቹም ሰዓታቸውን የሚያስማሙት በዚያው ኔትወርክ ነው። መብራት እንዲቆጥብ የተሠራ ስዊች፣ ቁጠባው ካልጠፋ፣ ሰዓቱን ያዛባባቸዋል። ያኔ ስፒከሩ "ቅጭ ቅጭ" ይላል፣ ወይም ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። እዚያም ቢሆን ግን "ለስለስ ያለ ቤዝ" የሚሰጥ ስዊች የለም። ኤክስ32 የሚባለውን ሚክሰር ከስቴጅ ቦክሱ (መድረክ ላይ ማይኮቹ ከሚሰኩበት ሳጥን) የሚያገናኘው ኤኢኤስ50 የሚባል መስመር ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ኬብሉ የኔትወርክ ይመስላል እንጂ በስዊች አያልፍም። ለእሱ ባለ ሺልድ ካት 5ኢ የግድ ነው። የሰርግ ሳውንድ የምትሠሩ ልጆች የእኔን የቤት ምክር እዚያ እንዳትወስዱት።

ዋይፋዩን በተመለከተ፣ ሂድበት። በመሃል ምንም መዳብ ስለሌለ በኔትወርኩ በኩል ጉርምርምታ የሚገባበት መንገድ አይኖርም። ራውተሩን ከአምፕሊፋየሩ ትንሽ አርቀው። ግድግዳው ወፍራም ሆኖ የሚቆራረጥብህ ከሆነ ግን ተራውን ዩቲፒ ዘርጋ፣ ባለ ፕላስቲክ ራሱን። የተረፈህን ብር ደግሞ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ግዛበት። ባዶ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ድምፁ ሲያስተጋባ የሚያጠፋብህን ያህል የትኛውም ስዊች አያጠፋብህም።