የሲንጋፖር ቦታኒክ ጋርደንን ማየት የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ሲንጋፖር ከገባሁ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ቤቴ ከቦታኒክ ጋርደኑ ብዙም ስለማይርቅ ቅዳሜ ጠዋት ሁሌ እዛ ነኝ። ሰሞኑን በዚህ በኩል የሚያልፍ ሀበሻ በዝቷል፣ የሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ባህሩ ዳር ስላሉት ረጃጅም የብረት ዛፎች ነው፣ አሮጌውን ጋርደን ሳያዩት ይመለሳሉ፣ እኔን ደግሞ ይሄ በጣም ነው የሚቆጨኝ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ እዚሁ እየመለስኩ ነው። ሰዓቱን በሙሉ በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እዚህም ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ አትቸገሩም። ዓመተ ምህረቱ ግን የፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ቦታኒክ ጋርደንና ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ አንድ አይደሉም እንዴ? አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ የቱን ልምረጥ?

አይደሉም ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ ባህር ተሞልቶ በተገኘ መሬት ላይ የተሠራ ነው፣ የተከፈተው በ2012 ነው፣ ሁለት ትልልቅ የመስታወት ቤቶችና ከ25 እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ ሱፐርትሪ የሚባሉ ሐረግ የለበሱ የብረት ዛፎች አሉት። ቦታኒክ ጋርደን ግን በ1859 የተመሠረተ 82 ሄክታር የሚሆን እውነተኛ ዛፍና ደን ነው፣ መሀሉ ላይ ከተማው ሳይሠራ የነበረ 6 ሄክታር ገደማ የተፈጥሮ ደን ቀርቷል፣ እስቲ አስበው፣ ዙሪያው ፎቅ ሆኖ።

አንድ ቀን ካለህ ጠዋቱን ለአሮጌው ስጠው፣ ማታ ወደ ብረት ዛፎቹ ሂድ፣ 1፡45 እና 2፡45 ላይ የመብራትና የሙዚቃ ትርኢት አለ፣ ነፃ ነው። ገንዘብ ካለህ ክላውድ ፎረስት የሚባለውን የመስታወት ቤት ግባ፣ የሞቃት አገር ደጋማ ተራራ አስመስለው ያቀዘቀዙት ነው፣ ገና በሩን ስታልፍ 35 ሜትር ፏፏቴ ፊትህ ላይ ይረጫል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ያ ብርድ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከወበቁ ግን ያሳርፋል።

ጥያቄ፦ ትራንዚት 8 ሰዓት አለኝ፣ ደርሼ መመለስ እችላለሁ?

ቀን ከሆነ ትችያለሽ። መጀመሪያ ግን ፓስፖርትሽ ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ አረጋግጪ፣ ከዛ ከመድረስሽ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ አራይቫል ካርድ የሚባለውን ኦንላይን ሙዪ፣ ነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ዌብሳይት ካጋጠመሽ ዝጊው። ከኤርፖርት በባቡር ኤክስፖ የምትባል ጣቢያ ወርደሽ ሰማያዊውን ዳውንታውን ላይን ያዢ፣ ቀጥታ ቦታኒክ ጋርደንስ ጣቢያ ያወርድሻል፣ በሩ ከጣቢያው አፍ ላይ ነው። ለአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ያዢለት፣ ኢሚግሬሽኑንና መልሶ መግባቱን ቀንሰሽ ሦስት ሰዓት ይተርፍሻል፣ ለኦርኪድ አበባው ጋርደንና ለአንድ ሐይቅ ይበቃል። ሰዓትሽ ከዛ ካነሰ አትጨነቂ፣ ኤርፖርቱ ጋ ጁዌል የሚባለው ህንፃ ውስጥ ከጣሪያ 40 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴና ዙሪያውን ደን አለ፣ እሱም ነፃ ነው፣ ግን እሱም ከኢሚግሬሽን ውጪ ነው።

ጥያቄ፦ መግቢያ ስንት ነው?

ዋናው ጋርደን ነፃ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት። የሚከፈለው ለናሽናል ኦርኪድ ጋርደን ብቻ ነው፣ ለውጭ ሰው 15 የሲንጋፖር ዶላር፣ ለነዋሪ 5። ጠዋት 2፡30 ይከፈታል፣ ማታ 12 ሰዓት ካለፈ አያስገቡም። ዋጋ ሊቀየር ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ እዩት።

ጥያቄ፦ አበባ ለማየት 15 ዶላር አይበዛም? ምን አለው?

እኔ ብዙ ጊዜ ከፍዬ ገብቻለሁ፣ አንድም ቀን አልቆጨኝም። ከ1,000 በላይ የዱር ዝርያና ከ2,000 በላይ የተዳቀለ ኦርኪድ ነው ያላቸው። ግን ቁጥሩን ተወው፣ ዝም ብለህ አንዱ ጋ ጎንበስ በል። ኦርኪድ ማለት እዚህ አበባ መሸጫ የምናየው ብቻ ይመስለን ነበር አይደል፣ እዛ ግን የምስማር ራስ የምታክል አበባ አለች፣ ነብር የመሰለ ነጠብጣብ ያለው አለ፣ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ሲነካው ከነጭ ወደ አረንጓዴ ሲቀየር በዓይንህ ታየዋለህ።

አንድ ሌላ ነገር፣ የአገር መሪና ታላላቅ እንግዳ ሲመጣ አዲስ የተዳቀለ ኦርኪድ በስሙ ይሰይማሉ። ማንዴላ በ1997 መጥተው በስማቸው የተሰየመ አላቸው፣ ለልዕልት ዳያናም መታሰቢያ የሆነ ነጭ አለ። እና የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ ቫንዳ ሚስ ጆአኪም ትባላለች፣ አግነስ ጆአኪም የምትባል እዚሁ የምትኖር አርመናዊት ናት በ1893 ለዓለም ያሳወቀቻት። አርመን ሲባል እኛ አርባ ልጆችን እናስታውሳለን፣ እዚህ ደግሞ የአገሩ አበባ በአርመን ልጅ ስም ይጠራል፣ ይሄን ሳውቅ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ 68 ነው፣ ጉልበቴም ያመኛል። ልጆቼ ሊወስዱኝ ነው፣ እችለው ይሆን?

እማማ እንኳን ደህና መጡ፣ በደንብ ይችሉታል። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፣ አግዳሚ ወንበርም በየቦታው አለ፣ መፀዳጃውም ንፁህ ነው። ልጆችዎ ከዳር እስከ ዳር እናስጎብኝዎት ካሉ ግን እሺ አይበሉ፣ ጋርደኑ ረጅም ነው፣ ከሰሜኑ በር እስከ ደቡቡ ድረስ ከሁለት ኪሎ ሜትር አያንስም፣ ዳገትም አለው። በናፒየር ጣቢያ በኩል ታንግሊን በር ይግቡ፣ ስዋን ሌክን ይዩ፣ ከዛ ባንድስታንድ የምትባለዋ የ1930 ነጭ የሙዚቃ ዳስ ጋ አረፍ ይበሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ ያያሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሄዱ እንደ እርስዎ ያሉ የቻይና እናቶች ታይቺ የሚባለውን ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ በዝምታ ሲሠሩ ያገኟቸዋል፣ ጎናቸው ቆመው እጅዎን ቢያንቀሳቅሱ ማንም ምን ሆኑ አይልዎትም። ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ያኔ ወደ ቤት። ውሃ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ዩኔስኮ የመዘገበው ለምንድነው? መናፈሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ይሄን እስካውቅ ድረስ መናፈሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2015 ነው የተመዘገበው፣ ለሲንጋፖር የመጀመሪያዋ የዓለም ቅርስ ነው። አንዱ ትልቅ ምክንያት ጎማ ነው፣ አዎ የመኪና ጎማ።

የጎማ ዛፍ አገሩ ብራዚል ነው። እንግሊዞቹ በ1876 ዘሩን ከአማዞን ለንደን ኪው ጋርደን አስገቡት፣ ከዛ የበቀለውን ችግኝ በ1877 ወደዚህ ላኩ፣ 22 ችግኝ ብቻ። ዓመታት ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ1888 ሄንሪ ሪድሊ የሚባል ሰው ዳይሬክተር ሆኖ መጣና እነዛን ዛፎች ያዘ አልለቅም አለ። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ዛፉን በመጥረቢያ ስታቆስለው ፈሳሹን ይሰጥሃል ግን ዛፉ ይጎዳል። ሪድሊ ያገኘው ዘዴ ቅርፊቱን በሰያፍ በጣም በስሱ መላጥ ነው፣ በየጊዜው ከዛው ቁስል ጠርዝ ላይ ትንሽ ትንሽ እያነሳህ፣ እንደ ወተት የነጣው ፈሳሽ በቦዩ እየተንጠባጠበ ከታች የታሰረው ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ቅርፊቱም መልሶ ይተካል፣ አንድ ዛፍ ለብዙ ዓመት ይታለባል።

ይሄን ይዞ ገበሬውን ሁሉ ትከሉ ትከሉ እያለ ሲለምን እብዱ ሪድሊ ብለው ስም አወጡለት። ያኔ የማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ አካባቢ) ገበሬ የሚተክለው ቡና ነበር። ከዛ የቡናው ዋጋ ወደቀ፣ በሽታና ተባይም ጨመረበት፣ መኪና ደግሞ ዓለም ላይ መጣ፣ በቃ ሁሉም ወደ ሪድሊ ዘር ሮጠ። በ1920 አካባቢ የዓለም ጎማ ግማሽ ያህሉ ከማላያ ነበር። ሰውዬው በ1956 በ100 ዓመቱ ነው የሞተው፣ የተናቀበትን ነገር ፍሬ በደንብ አይቶ። እና ጋርደኑ ውስጥ ስትሄድ የጎማ ዛፍ ካጋጠመህ አትለፈው፣ ፍሬው ሲደርቅ ጧ ብሎ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል፣ ዘሩ የሚያብረቀርቅ ቡኒ ዥንጉርጉር ነው። እኛ አገር በየግቢው ጎማ ዛፍ የምንለው ሰፊ ቅጠል ያለው ሌላ ነው፣ እሱ የሾላ ዘመድ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ይሰለቻቸዋል?

ጃኮብ ባላስ የልጆች ጋርደን ውሰጃቸው እህቴ፣ ከባቡሩ በር ቅርብ ነው፣ ነፃ ነው፣ አዋቂ ያለ ልጅ አይገባም ስለዚህ ሰላም ነው። የሚረጭ ውሃ፣ የዛፍ ላይ ቤት፣ የአትክልት ቦታ አለው። ቅያሪ ልብስ ያዢ። ሰኞ ዝግ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ እናት ተሳስታለች።

ጥያቄ፦ እባብ አለ? እውነቱን ንገሪኝ።

አለ፣ ግን በዘጠኝ ዓመት ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቴም ሸሽቶኝ ነው የሄደው። መንገዱን ካልለቀቅሽ አትገናኙም። የምታዪው አርጃኖ ነው፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ይሞቃል፣ አትጠጊው እንጂ አይነካሽም። ዶሮም ታያለሽ፣ ቀይ አውራ ዶሮ ጫካ ውስጥ ሲጮህ የማን ቤት ዶሮ ነው እንዳትዪ፣ እሱ የዱር ዶሮ ነው፣ የኛ የቤት ዶሮ ሁሉ ዘሩ የሚመዘዘው ከሱ ነው። ምግብ መስጠት ክልክል ነው፣ ቅጣት አለው። ከእባብ ይልቅ ቢምቢን ፍሪ፣ ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ቢምቢ እንደ ወባዋ ማታ ሳይሆን ቀን ነው የምትነድፈው፣ ቅባት ተቀቢ።

ጥያቄ፦ የምመጣው በጾም ነው፣ ምን እበላለሁ?

በሰማያዊው ባቡር ሦስተኛው ጣቢያ ሊትል ኢንዲያ ነው፣ የህንድ ቬጅቴሪያን ቤት ሞልቷል። ግን ልብ በል፣ ቬጅቴሪያን ማለት እነሱ ጋ ወተትና ቅቤ አለው፣ ዶሳ የሚባለውን ስስ ቂጣቸውን ራሱ በቅቤ ይቀቡታል። «ጊ (የነጠረ ቅቤ) የለውም? እርጎ የለውም?» ብለህ ጠይቅ፣ በዘይት አድርጉልኝ ካልካቸው በደስታ ያደርጉልሃል። ዶሳ ከምስር ወጡ ጋር ሲመጣ በእጅ ነው የሚበላው፣ ትንሽ መኮምጠጡም እንጀራችንን ያስታውስሃል።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ይሻላል? ዝናቡስ?

ሁሉም ወር ያው ነው፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ክረምት በጋ የሚባል የለም፣ ታህሳስና ጥር ላይ ዝናቡ ይበዛል። ከሰዓት በኋላ ድንገት ይጠቁርና ይወርዳል፣ ሰዓት ሳይሞላ ያባራል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ መብረቁ ቀልድ አይደለም፣ ጣሪያ ያለው መጠለያ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ዘር ወይ ችግኝ ይዤ አዲስ አበባ መግባት እችላለሁ? ከጉለሌ ቦታኒክ ጋርደን ጋርስ ሲወዳደር?

ከጋርደኑ ቅጠል እንኳን እንዳትነካ። ገዝተህ ከሆነም የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልግሃል፣ ኦርኪድ ደግሞ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ የዚህ ኦርኪድ ወበቅ የለመደ ነው፣ አዲስ አበባ ብርድ ላይ አያብብልህም። እኛ አገር የራሳችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያ አለን፣ ጅማና ካፋ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተጣብቀው ያሉ፣ ስንቶቻችን አይተናል? ጉለሌ ደግሞ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፣ በስፋት ይሄንን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል፣ ሥራውም የአገር በቀሉን ዛፍ ማቆየት ነው። 160 ዓመት ያለፈውንና ገና ልጅ የሆነውን አታወዳድር፣ ሁለቱንም ሂድ። እኔ እረፍት ስመጣ ጉለሌ ሄጄ ኮሶና ጥድ ስር ስቀመጥ ያለው ስሜት እዚህ የለም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ተይው፣ አንድ ቦታ ብቻ ምረጪልኝ።

ቴምቡሱ ዛፉን። ኦርኪድ ጋርደኑ አጠገብ ሳሩ ላይ ብቻውን ያለ ነው፣ ጋርደኑ ሳይመሠረት በፊት የነበረ ነው ይባላል። ቅርፊቱ እንደታረሰ መሬት በጥልቅ የተሰነጣጠቀ ነው፣ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን ተዘርግቷል፣ ድሮ ሰው ሁሉ ይቀመጥበት ነበር፣ አሁን እንዳይጎዳ አጥረውታል። ስትሄድ ባለ 5 ዶላሯን አረንጓዴ ብር ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ጀርባዋን ገልብጠህ ከዛፉ ጋር አስተያያት፣ ያው ቅርንጫፍ ነው።