አራት ሆናችሁ ዞምቢ ልትጫወቱ ከሆነ

ጥያቄው፦ «አራት ጓደኛሞች ነን። የዞምቢ ጌም ጀምረን የመጀመሪያውን ሳምንት እስከ ሌሊት ስንጫወት ቆየን፤ በሁለተኛው ሳምንት የሚገባ ጠፋ። ችግሩ ጌሙ ነው ወይስ እኛ? ቀጥሎስ ምን ብንሞክር ይሻላል?» የሚል ነው።

መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ፤ በየትኛው ዲፊከልቲ (የክብደት ደረጃ) ነበር የምትጫወቱት? ኖርማል ላይ ከነበረ የመልሱ ግማሽ እሱ ነው።

ዞምቢ ደደብ ጠላት ነው። አያደባም፣ ከለላ አይዝም፣ ቀጥ ብሎ ሮጦ ይመታል። አልሞ መተኮስ የሚችል ሰው አሥሩን ቆሞ ይጥላቸዋል። ጣዕሙ የሚመጣው ጌሙ ጓደኛ የሌለውን ሰው መቅጣት ሲችል ነው፤ ያ ሰው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆንም። አንዱ ብቻውን ማለፍ ከቻለ የሌሎቻችሁ መኖር ለድምቀት ብቻ ይሆናል፣ ድምቀት ደግሞ ሳምንት አይዘልቅም።

ይህን ነገር ከሁሉ አጥብቆ የያዘው እስካሁን ሌፍት ፎር ዴድ 2 ነው፤ የወጣው በ2009 ነው ብላችሁ አትናቁት። ስፔሻል ከሚባሉት ልዩ ዞምቢዎች ሃንተር ከተከመረባችሁ፣ ስሞከር በምላሱ አንቆ ከያዛችሁ፣ ጆኪ ጀርባችሁ ላይ ከወጣ ወይም ቻርጀር መሬት ላይ ከደበደባችሁ ራሳችሁን ማስለቀቅ አትችሉም። የያዛችሁት መሣሪያ አይረዳችሁም። ሌላ ሰው መድረስ አለበት። ሃንተርን፣ ጆኪንና ስሞከርን ቀርቦ በመግፋት ማስለቀቅ ይቻላል፤ ቻርጀር ግን አንዴ ከያዘ ግፊያ አይሠራበትም፣ መግደል ብቻ ነው። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ ቻርጀሩን እየገፉ ጓደኛቸው ያልቃል።

የደሙ ሒሳብም የተሠራው እርስ በርስ እንድትተያዩ ነው። ሙሉ ደም 100 ነው፤ ከ40 በታች ሲወርድ ሩጫችሁ ይቀንሳል። ሲያልቅ ትወድቃላችሁ፤ ወድቃችሁ ሳለ 300 ነጥብ ይኖራችኋል፣ እሱም በራሱ እየፈሰሰ ይሄዳል። አንድ ሰው ለማንሳት 5 ሰከንድ ይፈጃል፤ ስትነሡ የምታገኙት 30 ጊዜያዊ ነጥብ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቆ የተነሣ ሰው ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ይሆንበታል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ይሞታል። የሕክምና ቦርሳው የሚመልሰው ከጎደለው ደም 80 በመቶውን ስለሆነ 60 ላይ እያላችሁ ብትጠቀሙት የምታገኙት 32 ነጥብ ብቻ ነው፤ 20 ላይ ቢሆን 64 ታገኛላችሁ። ከዚህም በላይ የውድቀቱን ቁጥር ይሰርዛል። ስለዚህ ቦርሳው የሚገባው ጥቁርና ነጭ ለሚያይ ሰው ነው፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ ቢሆንም። ክኒን 50 ጊዜያዊ ነጥብ ይሰጣል፤ ቀስ እያለ ስለሚጠፋ ቀድሞ መዋጥ ብክነት ነው። ታንክ (ግዙፉ ዞምቢ) ሲመጣ ወይም ከ40 በታች ሆናችሁ መሮጥ ሲኖርባችሁ ዋጡት።

አሁን ወደ ዲፊከልቲው ልመለስ። ኖርማል ላይ አንድ ተራ ዞምቢ በአንድ ምት የሚቀንሰው 2 ነጥብ ነው። አድቫንስድ ላይ 5 ነው። ኤክስፐርት ላይ 20! ማለት ኖርማል ላይ ለመውደቅ 50 ምት ሲያስፈልግ ኤክስፐርት ላይ 5 ይበቃል። ኖርማል ላይ አንዱ ጓደኛችሁ ወደፊት ሮጦ ቢጠፋም የሚደርስበት ነገር የለም፤ ሌሎቹ እሱ የገደላቸውን ዞምቢዎች ሬሳ እየቆጠሩ ይከተሉታል። መሰልቸቱ የሚጀምረውም እዚህ ነው። ኤክስፐርት ደግሞ ምቱ ከኖርማል 10 እጥፍ ስለሚከብድ በቀጥታ ከኖርማል የዘለሉ ቡድኖች በመጀመሪያው ምዕራፍ አልቀው ይጨቃጨቃሉ። አድቫንስድ ላይ ቆዩ፤ ስሕተት የሚያስከፍልበት ግን የማይገድልበት ደረጃ እሱ ነው።

እርስ በርስ መመታታት ደረጃው በጨመረ ቁጥር ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጠባብ ኮሪደር ላይ ፊት ያለው ሁልጊዜ ይቀመጥ፣ ኋላ ያለው በላዩ ይተኩስ። ሾትጋን የያዘ ፊት፣ ጠመንጃ የያዘ ኋላ። በር ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይቁም። ቡመር (ሲሞት የሚፈነዳው ወፍራም ዞምቢ) አጠገባችሁ ከመጣ መጀመሪያ ግፉት፣ ወደኋላ አፈግፍጉ፣ ከዚያ ተኩሱ፤ ቅርብ ሳለ ከፈነዳ ፈሳሹ ሁላችሁም ላይ ነው፣ ፈሳሹ ደግሞ መንጋውን ይጠራል። ዊች (ካልረበሿት የማትነካችሁ ሴት ዞምቢ) የምታለቅስበት አካባቢ መብራት አጥፍታችሁ ራቅ ብላችሁ እለፉ።

ጌሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር እንዳይደገም የሚያደርገው ዳይሬክተር የሚባለው ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ምን ያህል እንደተጨነቀ ይከታተላል፤ ጭንቀቱ ጫፍ ሲደርስ ጠላት መላኩን አቁሞ ያሳርፋችኋል፣ ከዚያ እንደገና ያከማቻል። ዕቃና ስፔሻል ዞምቢ የሚወጣበትም ቦታ ይለያያል። ይሁን እንጂ ካርታው ያው ካርታ ነው። ዳይሬክተሩ በጥቂት ቦታዎች መንገድ ከመቀየር በቀር ኮሪደሩን አይለውጥም፤ አሥረኛው ዙር ላይ የት እንደምትቆሙ በቃላችሁ ይዛችኋል። የዘውጉ የማይድን ሕመም ይህ ይመስለኛል።

ኪሊንግ ፍሎር 2 ጥገኝነቱን በሌላ መንገድ ነው ያመጣው። እስከ 6 ሰው ይጫወታል፣ ጠላት በ4፣ በ7 ወይም በ10 ዙር ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ቦስ አለ። በዙሮቹ መካከል ሱቅ ይከፈታል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጓደኛ መወርወር ይቻላል፣ ይገባልም። እያንዳንዱ ፐርክ (የሙያ ዓይነት) ይመርጣል፦ ኮማንዶው ስቶከር የሚባሉትን የማይታዩ ጠላቶች ለቡድኑ ያሳያል፣ ሜዲኩ ከሩቅ እየተኮሰ ያክማል። ቡድን የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በትልልቆቹ ጠላቶች፣ በፍሌሽፓውንድና በስክሬክ ነው። ፍሌሽፓውንድን በትንሽ መሣሪያ የሚነካካ ሰው ሁሉንም ያስጨርሳል፤ ደረቱ ላይ ያለው መብራት ቀይ ከሆነ ተናዷል፣ እየሮጠ ይመጣል። ስክሬክም ደሙ ሲጎድል እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ «አሁን!» ይበል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይተኩስ፤ ፍንዳታ ለፍሌሽፓውንድ፣ የራስ ምት ለስክሬክ። እስከዚያ ድረስ ትንንሾቹን ብቻ አጽዱ። የጌሙ ድክመት ፐርክ 25ኛ ሌቭል የደረሰ ሰው ከአዲስ ሰው ጋር ሲገባ ነው፦ አዲሱ ሰው ለመተኮስ ሲያነጣጥር ዞምቢው ሞቷል።

የኮል ኦፍ ዱቲ ዞምቢ ደግሞ በውስጡ ፉክክር አለበት። በቀድሞዎቹ ቅጂዎች አንድ ጥይት 10 ነጥብ ይሰጣል፣ ደረት ላይ መትቶ መግደል 60፣ በራስ ምት መግደል 100፣ በቢላ 130። በመጀመሪያው ዙር ጥቂት ጥይት እግር ላይ ተኩሶ በቢላ የሚጨርስ ሰው ጃገርኖግ (ደም የሚጨምረው መጠጥ) መግዣውን 2,500 ቀድሞ ያጠራቅማል። ሁሉም ይህን ካወቀ ሽሚያ ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን መስኮት ይዞ ይቁም፣ ከሌላው መስኮት ዞምቢ አይነጠቅ። በዙሩ መጨረሻ አንድ ዞምቢ በሕይወት ትታችሁ ገበያችሁን ትጨርሳላችሁ፤ ሳያውቅ እሱን የሚገድል አንድ ሰው መቼም አይጠፋም። የሚያሰለቸው የዞምቢው ደም ነው፦ 1ኛ ዙር 150፣ እስከ 9ኛው በየዙሩ 100 ይጨምራል፣ ከዚያ በየዙሩ በ10 በመቶ ያድጋል። 20ኛ ዙር ላይ 2,700 አካባቢ፣ 30ኛ ላይ 7,000 አካባቢ ይሆናል። ዞምቢው አዲስ ነገር አልተማረም፤ ጥይት መብላቱ ብቻ ነው የጨመረው። ከዚያ በኋላ ያለው መንጋውን በክብ አስከትሎ መዞር ነው።

ሌቭልና ዕቃ ስለሚሰበሰብባቸው ጌሞች አጭር ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ዎርልድ ዋር ዚ (2019) ዞምቢዎቹ እርስ በርስ ተደራርበው ግንብ ሲወጡ ማየት ብቻውን ያዝናናል፤ ክምሩን ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ብትመቱት ይናዳል። ባክ ፎር ብለድ (2021) ሌፍት ፎር ዴድን የጀመረው ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ 15 ካርድ መርጣችሁ ችሎታችሁን ትሠራላችሁ፤ አራታችሁም ጉዳት የሚጨምር ካርድ ብቻ ከያዛችሁ ግን የሚያነሣችሁ አይኖርም። ዳይንግ ላይት 2 መግቢያውን እያንዳንዱ ለብቻው እስኪጨርስ ድረስ አብሮ መጫወት አይከፍትም፤ የታሪኩ እድገትም የሚመዘገበው ለሆስቱ (ጌሙን ለከፈተው ሰው) ነው፣ እንግዳው ይዞ የሚወጣው ልምዱንና ዕቃውን ነው። በነዚህ ሁሉ የሚያጣላው አንድ ነው፦ አንዱ ማታ ማታ ለብቻው ገብቶ ሌቭሉን ከፍ ያደርጋል፣ ሌሎቹ በሚቀጥለው ቀን ተመልካች ይሆናሉ። ከመጀመሪያው ተስማሙ፤ ለብቻ መጫወት የፈለገ በሌላ ክላስ ወይም በሌላ ሴቭ ይጫወት።

አንድ ሰው ቢቀር ቦት (ኮምፒውተሩ የሚያጫውተው) ይገባል። የሌፍት ፎር ዴድ 2 ቦት የወደቀን ያነሣል፣ ክኒኑንም ይሰጣል፤ ሞሎቶቭና ፓይፕ ቦምብ ግን አይወረውርም፣ ስለዚህ ታንክ ሲመጣ ሦስታችሁ ናችሁ። ሆስት የሚሆነው ኢንተርኔቱ ከሁሉ የተረጋጋው ሰው ይሁን እንጂ ጌሙን የገዛው ወይም ሐሳቡን ያመጣው አይደለም፤ ጌሙ በሆስቱ ኮምፒውተር ላይ የሚካሄድ ከሆነ የሱ መስመር ሲቆረጥ ሁላችሁም ትወጣላችሁ። ማይክ በቁልፍ ተጭኖ የሚነገርበት ይሁን፤ ክፍት ማይክ ስፔሻሎቹ ከመምጣታቸው በፊት የሚያሰሙትን ድምፅ ይሸፍናል። ንግግሩም ሁለት ቃል ይብቃው፦ «ስሞከር፣ ጣሪያ»፤ «ክኒን የለኝም»፤ «ቆዩ፣ ልሙላ»።

ለቀጣዩ ሳምንት ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ሌፍት ፎር ዴድ 2ን አድቫንስድ ላይ ሞክሩት። እሱ ሲለመድ ሪያሊዝም ሞድ አለ፤ የጓደኞቻችሁ ቅርጽ በግድግዳ በኩል መታየቱ ይጠፋል፣ የት እንዳለ የማይናገር ሰው በእውነት ይጠፋል። ካርታው ሲሰለች በስቲም ወርክሾፕ ተጫዋቾች የሠሯቸው ካምፔኖች በነፃ አሉ፤ አራታችሁም አንድ ዓይነት ፋይል መጫን አለባችሁ፣ አንዱ ከጎደለው ሎቢው (ከጨዋታው በፊት የምትሰበሰቡበት ገጽ) ካርታ የለውም ብሎ ያቆመዋል። ሰው ከሰው የሚጫወትበት ቨርሰስ ከሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፣ ግን የማታውቋቸው ተጫዋቾች ለጀማሪ ትዕግሥት ስለሌላቸው መጀመሪያ ሌሎች አራት የምታውቋቸው ሰዎች ፈልጉ።